ባትሪውን ከሳሎን ያስወጣ ሰው፤ የኤድዋርድ ሳሙኤል ሮጀርስ ሕይወት

በካናዳ አገር ስሙ ከፍ ብሎ የሚነገር፣ በእኛ አገር ግን እምብዛም ያልተጻፈለት አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም ኤድዋርድ ሳሙኤል ሮጀርስ ነው። ይህ ሰው ራዲዮን የፈጠረ አይደለም። የእርሱ ሥራ በሳሎን የተቀመጠውን ራዲዮ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር አስታርቆ፣ ያለ ባትሪና ያለ ጉርምርምታ እንዲናገር ማድረግ ነበር። ዛሬ ስፒናውን ሰክቶ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው ይህ ነገር አንድ ጊዜ የማይሆን መስሎ ይታይ እንደ ነበረ አያስበውም።

ታሪኩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በማደሪያ ቤታችን ከእራት በኋላ የሚነሣው የማይበርድ ክርክር ነው። ወፍራምና ውድ የኤሌክትሪክ ገመድ የገዛ ሰው ሙዚቃው ይጠራለታል የሚሉ አሉ፤ ገመድ ገመድ ነው እያሉ የሚስቁባቸውም አሉ። ሁለቱም ወገን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከራከራል እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ጉዳይ ከሥሩ የመረመረ ሰው መኖሩን የሚያነሣ አልሰማሁም። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና የምህንድስና ባልንጀሮቻችን ስለ አገላለጼ ይታገሡኝ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮጀርስ የተወለደው በቶሮንቶ ከተማ፣ በ1900 ጁን 21 ቀን ነው። ቤተ ሰቡ ክዌከር ከሚባሉት፣ ጸጥታንና ቁጥብነትን ከሚያከብሩት ክርስቲያኖች ወገን ነበረ። አባቱ አልበርት ሮጀርስ በነዳጅ ዘይት ንግድ የበለጸገ ሰው ነው። የፈጣሪዎችን ሕይወት የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቃል ሲያልፉት አያለሁ። ለእኔ ግን በአንድ ቃል የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ልጁ በዐሥራ አንድ ዓመቱ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ መሣሪያ ይዞ መጫወት የቻለው፣ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ውል የተፈራረመው ከኋላው የቆመ ሀብት ስለ ነበረ ነው። ሀብቱ በር ከፈተለት፤ በበሩ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ የሠራው ግን እርሱ ራሱ ነው።

በዚያን ዘመን ራዲዮ ማለት ዘፈንና ወሬ የሚያሰማ ዕቃ አልነበረም። አጭርና ረጅም የሞርስ ምልክት የሚያደርስ፣ መርከበኞችና ጥቂት ወጣቶች ብቻ የሚያውቁት ጥበብ ነበር። ሮጀርስ ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በገዛ እጁ በገጣጠመው ራዲዮ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከአማተሮች ሥራ ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተሸለመ። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መንግሥት የአማተሮችን ጣቢያ ሁሉ ዘጋ። ልጁ ግን ሙያውን አልተወም፤ ዕድሜው እንደ ደረሰ በትምህርት ዕረፍት ወራት በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ በሚመላለሱ መርከቦች የሽቦ አልባ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ትምህርቱን በኒውማርኬት ከተማ ባለው የክዌከሮች ትምህርት ቤት በፒከሪንግ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ክፍል ተከታተለ።

ስሙ መጀመሪያ በሩቅ የተሰማው በ1921 ዲሴምበር ወር ነው። የአሜሪካ የራዲዮ አማተሮች አነስተኛ ኃይል ያለው ጣቢያ አትላንቲክን ተሻግሮ ሊሰማ ይችል እንደ ሆነ ለመፈተን አስበው ፖል ጎድሊ የሚባል ባለሙያ ወደ ስኮትላንድ ላኩ። ጎድሊ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በድንኳን ውስጥ ሆኖ፣ በብርድና በዝናብ ሌሊት እያደረ አዳመጠ። ብዙ የአሜሪካ ጣቢያዎች ተሰሙት። ከካናዳ የተሰማው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሃያ አንድ ዓመቱ ሮጀርስ ከኒውማርኬት የሚያስተላልፍበት 3ቢፒ የተባለው ጣቢያ ነው። ጎድሊ ያን ሌሊት ከጆሮው የሚለየው ሥራ ደካማውን ምልክት ከጩኸቱ ማውጣት ነበር። ሮጀርስም ቀሪ ዕድሜውን ያዋለው ይህንኑ በመሰለ ሥራ ላይ ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ ጩኸት ከሰማይ ሳይሆን ከቤቱ ግድግዳ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቤተ ሰብ ራዲዮ ገዛ ማለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ገዛ ማለት ነበር። የመጀመሪያው በራዲዮው አምፑሎች ውስጥ ያለውን ክር የሚያግለው ባትሪ ነው፤ አሲድ የሞላበት፣ ከመኪና ባትሪ የማይለይ ከባድ ዕቃ ነበር። ሁለተኛው እስከ መቶ ቮልትና ከዚያም በላይ እንዲሰጥ እየተቀጣጠለ የሚደረደር ደረቅ ባትሪ ነው፤ ሲያልቅ ይጣላል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ የአምፑሎቹን ሥራ ልክ ለማስያዝ ያገለግላል። አሲዱ ሲፈስስ ምንጣፍ ያቃጥላል፤ ከባዱን ባትሪ ደግሞ በየጊዜው ተሸክሞ ወደሚሞላበት ሱቅ መውሰድ ያስፈልጋል። ዕቃው በሳሎን ቢቀመጥም ጠባዩ የጋራዥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ድምፁ ነው። ከመካከላችን በገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ድንጋዩ ሲደክም ራዲዮው መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ተናጋሪው ጉንፋን የያዘው ይመስል ይጎረናናል፤ በመጨረሻም አባባ ድንጋዩን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። በቶሮንቶም ነገሩ ይኸው ነበር። የምሽቱ ሙዚቃ ጥራት በባትሪው ዕድሜ ይወሰን ነበር።

ታዲያ ኤሌክትሪክ በየግድግዳው ሳለ ለምን በባትሪ ይሰቃዩ ነበር? መልሱ እንዲህ ነው። ከባትሪ የሚወጣው ኃይል እንደ ረጋ የኩሬ ውሃ ነው፤ ወደ አንድ ወገን፣ በአንድ ልክ ይሄዳል። ከግድግዳ የሚወጣው ግን በየቅጽበቱ አቅጣጫውን እየለወጠ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። በእኛ አገር ይህ ምልልስ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ ይሆናል። በቶሮንቶ ግን በዚያን ጊዜ በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ ነበር። የከተማይቱ ኃይል ከናያጋራ ፏፏቴ ይመጣ ነበርና፣ የፏፏቴው ማመንጫዎች ደግሞ ለትላልቅ የፋብሪካ ሞተሮች እንዲስማሙ በዝግታ እንዲሠሩ ሆነው ተተክለዋል። ምልልሱ ከመዝግየቱ የተነሣ መብራቱ ሲርገበገብ በዓይን ይታወቅ ነበር ይባላል። እንግዲህ በዓይን የሚታይ መርገብገብ በጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ መገመት ነው።

ይህ የሚመላለስ ኃይል በራዲዮው ውስጥ ድምፅን የሚያበላሽበት በር ሁለት ነው። አንደኛው በር ለአምፑሎቹ ከፍ ያለ ቮልት የሚሰጠው ወገን ነው። እዚህ ላይ ምልልሱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያቀና ሬክቲፋየር የሚባል ክፍል ይገባል፤ የቀና ኃይል ግን ገና ሞገደኛ ነውና እንደ ገንዳ የሚያጠራቅም ኮንዴንሰርና በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ተጨምሮ ሞገዱ ይለዝባል። ካልለዘበ በድምፅ ማጉያው ውስጥ እምም የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል። የዚህ ጉርምርምታ ልክ የምልልሱ እጥፍ ነው፤ በእኛ አገር በሰከንድ 100፣ በቶሮንቶ 50። ምልልሱ በዘገየ መጠን ገንዳው መተለቅ አለበት፤ ስለዚህ የቶሮንቶ ሰው ከኒው ዮርክ ሰው የከበደ ሥራ ነበረበት።

ሁለተኛው በር የባሰ ነው። የራዲዮ አምፑል፣ መሐንዲሶች ቫልቭ የሚሉት፣ የሚሠራው ክሩ ግሎ ኤሌክትሮኖችን ሲረጭ ነው። ያንን ክር በቀጥታ በግድግዳው ኃይል ያጋሉት እንደ ሆነ ሙቀቱ ከምልልሱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ በክሩ ጫፍና ጫፍ ያለው ቮልትም አብሮ ይወዛወዛል። አምፑሉ ደግሞ የትኛው መወዛወዝ ከጣቢያ እንደ መጣ፣ የትኛው ከናያጋራ እንደ መጣ አይለይም፤ ሁለቱንም አጉልቶ ያወጣቸዋል። ዘፋኟ ከነጉርምርምታዋ ትሰማለች። በመጀመሪያው በር ላይ ብዙ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ደረቁን ባትሪ የሚተኩ ሣጥኖችም በገበያ ላይ ወጥተው ነበር። ሁለተኛው በር ግን ተዘግቶ አላለቀም፤ ከባዱ የአሲድ ባትሪ ከሳሎን አልወጣም ማለት ነው።

በ1924 ሮጀርስ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፒትስበርግ ከተማ ሄዶ ፍሬድሪክ ማክካላ የሚባል መሐንዲስ የሚሞክረውን አዲስ አምፑል አየ። የማክካላ ሐሳብ በአንድ ክር ላይ ተጭኖ የነበረውን ሁለት ሥራ መለየት ነው። የሚግለው ክር ለብቻው፤ ኤሌክትሮን የሚረጨው ደግሞ ክሩን በሩቁ የከበበ፣ ከእርሱ ጋር በኤሌክትሪክ የማይነካካ ጠባብ የብረት ቀሰም። ይህን ለመረዳት ከእናቶቻችን ማድ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከምጣድ ሥር ያለው እሳት ይንቦገቦጋል፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ምጣዱ ግን ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ እንጀራው የእሳቱን መንቦግቦግ አያውቀውም። የድሮው አምፑል ሊጡን በእሳቱ ላይ ይዘረጋ ነበር፤ ማክካላ በመካከሉ ምጣድ ጣደበት። የማሞቂያውንም ሽቦ ከሌሎቹ ለማራቅ ከአምፑሉ አናት በኩል አስገባው። ይህ ማራቅ ዋዛ ነገር አይደለም፤ የሚመላለሰው ኃይል ደካማው የድምፅ ምልክት በሚያልፍበት አጠገብ ሲያልፍ ሳይነካው እንኳ ጉርምርምታውን ያስተላልፍበታልና።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አምፑሉ ግን ገና ለገበያ የሚሆን አልነበረም። ሮጀርስ የካናዳውን መብት በ10,000 ዶላር ገዝቶ ወደ ቶሮንቶ ተመለሰ። ከዚያም በሥራ ቤቱ ተዘግቶ አምፑሉን እየሠራ፣ እየሞከረ፣ እየጣለ ወራት አሳለፈ። በኦገስት 1924 የረካበትን አምፑል አገኘ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ማለትም ከእኛ ከብዙዎቻችን በሁለትና በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። አንዳንድ የካናዳ ጸሐፊዎች በፍቅር ተነሣሥተው የግድግዳ ኃይል አምፑልን የፈጠረው ሮጀርስ ነው ይላሉ። ይህ ማክካላን መበደል ነው። ሌሎች ደግሞ ሮጀርስ የሰው ሐሳብ የገዛ ነጋዴ ነው ብለው ያቃልሉታል። እኔ በዚህም አልስማማም። ማክካላ ምጣዱን ቢያስብም ለሕዝብ የሚሸጥና ሳይበላሽ የሚቆይ አምፑል ሠርቶ፣ ለአምፑሉ የሚስማማ ራዲዮ፣ ለራዲዮው የሚስማማ ኃይል ሰጪ ክፍል ገጣጥሞ በአንድ ስፒና የሚሠራ ዕቃ አድርጎ ያቀረበው ሮጀርስ ነው። በእኛ ዘንድ ሐሳብ ያመነጨ ይመሰገናል፤ ሐሳቡን ተቀብሎ እስከ ጫፍ ያደረሰ ግን ስም የለውም። ስም የሚገባው ይመስለኛል። ሁለቱንም በየሥራቸው መጥራት የማንንም ክብር አይቀንስም።

በ1925 በኦገስት መጨረሻ በቶሮንቶ በሚደረገው በታላቁ የካናዳ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ላይ የሮጀርስ ራዲዮ ለሕዝብ ታየ። ሰዎች ባትሪውን ፈለጉ፤ አጡት። የሚታየው ወደ ግድግዳው የሚሄድ አንድ ገመድ ብቻ ነበር። ሻጮቹም ለገዢው የሚያስረዱት ነገር አጭር ነበር፤ ሰክቶ ጣቢያ መፈለግ ብቻ ነው። በአሜሪካ ታላቁ የአር ሲ ኤ ኩባንያ በግድግዳ ኃይል የሚሠሩ አምፑሎቹን ለቤት ራዲዮ ያቀረበው በ1927 ነው፤ ወጣቱ ካናዳዊ በሁለት ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው። ኩባንያውም እያደገ ሄዶ በኋላ ሮጀርስ ማጀስቲክ በሚል ስም በካናዳ ከታወቁት የራዲዮ ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ። ወንድሙ ኤልስዎርዝም በሥራው አብሮት ነበር።

ዕድልም ረድቶታል ማለት ይቻላል። በ1925 በብዙ ቤት የነበረው ድምፅ ማጉያ የጡሩምባ ቅርፅ ያለው ነው፤ ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የተረፈው ጥቂት ጉርምርምታ በጡሩምባው ውስጥ ተውጦ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት ግን ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዛሬ የምንጠቀምበትን የወረቀት ሾጣጣ ያለውን ድምፅ ማጉያ ለዓለም አሳወቁ። ይህ መሣሪያ ከበሮውንም ባሱንም አወጣ፤ ተደብቆ የነበረውንም ጉርምርምታ አብሮ አወጣው። ከዚያ በኋላ የራዲዮ ሠሪዎች ሁሉ የኃይል ሰጪውን ክፍል ከማጥራት ማረፍ አልቻሉም። ድምፅ ማጉያ በተሻለ ቁጥር የግድግዳው ኃጢአት ይበልጥ ይገለጣል።

ወደ ማደሪያ ቤታችን ክርክር ለአንድ አፍታ ልመለስ። ከሮጀርስ ሥራ እንደምናየው የግድግዳው ኃይል ድምፅን ያበላሻል የሚሉት ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም። ነገር ግን ሮጀርስ መድኃኒቱን የፈለገው በገመዱ ውስጥ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመትና 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ገመድ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.07 ኦም ያህል ነው። አንድ አምፔር ቢያልፍበት ከ220 ቮልት ላይ የሚያጎድለው 0.07 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ግን መብራታችን በብዙ ቮልት ይወርዳል። ይህንንም ቢሆን በደንብ የተሠራ ኃይል ሰጪ ክፍል ይቋቋመዋል፤ ሥራው ነውና። በወር ገንዘቡ ወርቅ የተቀባ ገመድ የገዛ ባልንጀራዬ ይህን ቢያነብ እንዳይቀየመኝ እለምነዋለሁ።

ጉርምርምታ ሲሰማ ግን የሚመረመር ነገር ሞልቷል። የላላ ሶኬት ይንጣጣል። የደረቀ ኮንዴንሰር ሞገዱን ማለዘብ ያቅተዋል። ሁለት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መሬት ላይ ታስረው እንደ ገና በድምፅ ሽቦ ሲገናኙ በመካከላቸው ቀለበት ይሠራሉ፤ በዚያ ቀለበት የሚዞረው ኃይል ደግሞ እምም ይላል። የኤሌክትሪኩ ገመድ ከድምፁ ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ ሲተኛም እንዲሁ ነው። ማክካላ የማሞቂያውን ሽቦ በአምፑሉ አናት ያስገባበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ እኛም ሁለቱን ገመዶች በአንድ ክንድ ብናራርቃቸው አንድ ሳንቲም ሳናወጣ የእርሱን ጥበብ ተጠቀምን ማለት ነው።

ሮጀርስ በራዲዮው አልቆመም። አድማጩ በቤቱ የጠራ መሣሪያ ቢኖረው ጣቢያው ራሱ እያጉረመረመ ካስተላለፈ ምን ይጠቅማል? በአንድ ቤት ያለ ጉርምርምታ አንድ ቤት ያስቸግራል፤ በማሰራጫ ጣቢያ ያለ ጉርምርምታ ግን በአገሩ ሳሎን ሁሉ ይገባል። በዚያን ዘመን ብዙ ጣቢያዎች ከፍተኛውን ቮልት የሚያገኙት ከባትሪ ክምር ወይም በሞተር ከሚዞር ማመንጫ ነበር፤ ማመንጫውም የራሱን ፉጨት ይጨምርበታል። ሮጀርስ አምፑሉን ለማሰራጫ እንዲሆን አድርጎ አሳድጎ ከቶሮንቶ በስተ ሰሜን በምትገኘው በአውሮራ ከተማ ማሰራጫ አቆመ። ጣቢያው በፌብሩዋሪ 1927 ሥራውን ጀመረ። ሲ ኤፍ አር ቢ ተባለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ሮጀርስ ባትሪ የለሽ ማለት ናቸው። ጣቢያው በድምፁ ጥራት ቶሎ ስም አገኘ፤ ከ1929 ጀምሮም የአሜሪካውን የሲ ቢ ኤስን ፕሮግራም ለካናዳ አድማጮች አስተላለፈ። አንድ ሰው አምፑሉንም፣ ተቀባዩንም፣ አስተላላፊውንም በእጁ መያዙ ያስገርማል። በሌላ በኩል ደግሞ ራዲዮ ለመሸጥ ጣቢያ ማቆም ብልህ የነጋዴ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በ1930 ቬልማ ቴይለር የተባለችውን ወይዘሪት አገባ። በ1931 የቴሌቪዥን ሙከራ ለማድረግ ፈቃድ አገኘ፤ ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው ጥቂት በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። በ1933 ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ስሙንም በራሱ ስም ኤድዋርድ አለው፣ ቤተ ሰቡ ግን ቴድ እያለ ይጠራው ነበር። እነዚያ የችግር ዓመታት ነበሩ፤ ሥራ የፈታ ሕዝብ በየከተማው ሞልቶ ፋብሪካዎች ይዘጉ ነበር። የሮጀርስ ፋብሪካ ግን አልተዘጋም። እርሱም ሌት ከቀን የሚሠራ፣ ጤናው ግን ደካማ የሆነ ሰው ነበር።

በ1939 ሜይ 6 ቀን በውስጥ ደም መፍሰስ ሞተ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ልጁ ቴድ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም። ከሞቱ በኋላ ኩባንያውም ጣቢያውም ከሚስቱና ከልጁ እጅ ወጣ። አባቱ የሠራው ጣቢያ በየቤቱ እየተሰማ፣ ባለቤቱ ሌላ መሆኑን እያወቀ ማደግ ለአንድ ልጅ ቀላል አይመስለኝም።

ሮጀርስ ሲታገለው የኖረው የቶሮንቶ የ25 ምልልስ ኃይልም ከእርሱ በኋላ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። የኦንታሪዮ የኤሌክትሪክ ኮሚሽን ከ1949 እስከ 1959 ድረስ ደቡባዊውን ኦንታሪዮ ወደ 60 ምልልስ አዛወረው። ይህ ቁልፍ እንደ መጫን የሚሆን ሥራ አልነበረም። ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የማቀዝቀዣውን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ የሸክላ ማጫወቻውን ሞተር መለወጥ ነበረባቸው። ምክንያቱም የብዙ ሞተሮች ፍጥነት ምልልሱን ተከትሎ ይሄዳል። ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ በትራንስፎርመር 220ው ወደ 110 ቢወርድለትም ምልልሱ 50 ነውና፣ እንዲህ ያለ ሞተር ካለው ከትክክለኛው ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ዝቅ ብሎ ይዞራል። ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል፤ ባለቤቱም ሸክላው ተበላሸ ይላል። ሸክላው ደኅና ነው። ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ድምፅ ከሚወራው ሁሉ ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ጆሮ የሚታወቀው ይኸኛው ነው፤ ስለ እርሱ ሲከራከር የሰማሁት ግን የለም።

ልጁ ቴድ ሮጀርስ በ1960 ገና የሕግ ተማሪ ሳለ በቶሮንቶ ሲ ኤች ኤፍ አይ የሚባል ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ገዛ። ጣቢያው ኤፍ ኤም በሚባለው ስልት የሚያስተላልፍ ነበር፤ ይህም ስልት መብረቅና የቤት ሞተሮች በራዲዮ ላይ የሚያመጡትን መንጣጣት በአብዛኛው የሚከላከል ነው። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ኤፍ ኤም የሚቀበል ራዲዮ የነበረው ቤት በጣም ጥቂት ነበር። ቴድ ከዚያች ጣቢያ ተነሥቶ በካናዳ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን የመገናኛ ኩባንያ በአባቱ ስም አቋቁሞ በ2008 ሞተ። አባቱ ያቆመውን ሲ ኤፍ አር ቢን መልሶ ለመግዛት ዕድሜውን ሙሉ ይመኝ ነበር ይባላል፤ ያ ግን አልሆነለትም።